የመስታወት ምስክር

ጉልላት እንለዋለን፣ ከሐይቁ ዳር ብቻውን የቆመውን፣
ታንኳ ቀዛፊ በጉም መሐል አቅጣጫ የሚጠይቀውን።
እኔ ልየው ነኝ፤ እግሩ ሥር ድንጋይ ስፈልጥ አሥራ አንድ ዓመቴ፣
ኮብልስቶን ለባሕር ዳር፣ ሽሮ ለቤቴ።

አያልነሽ መጣች አንድ ቀን፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ በባጃጅ፣
ጫማዋ ጭቃ የጠገበ፣ አነጋገሯ የገበሬ ልጅ።
አናቱ ድረስ ወጣን። እዚያ፣ ከግራሩ ጀርባ፣
ክንዴ እስከ ብብቱ የሚገባ
ስንጥቅ አሳየኋት።

የመስኮት መስታወት አወጣች፣ ስንዝር የማይሞላ ቀጭን፣
ግራና ቀኙን በሲሚንቶ ስንጥቁ ላይ አጣበቀችልን።
«ምስክር ይባላል» አለች። «አይናገርም፣ አይዋሽም።
ተራራው ካልተነቃነቀ እሱም አይሰበርም።»

ሳቅሁ። እኔ የማውቀው ምስክር የሚበላ፣ የሚጠጣ፣
ጠላ ቤት ውሎ ወደ ችሎት የሚመጣ።

«እሳት የወለደውን አለት» አልኋት፣ «ምን ይደፍረዋል?»
ቁጭ አለች። ከቦርሳዋ ቆሎ ዘገነችልኝ።

«ሲወለድ እኮ እንደ ቀጭን ወጥ አልፈሰሰም፣
እንደ ገንፎ ነበር፤ ከብዶት ሩቅ አልደረሰም።
እዚያው በላይ በላዩ ተቆለለ፤ ቆዳው ቀድሞ በረደ፣
ሆዱ ገና ሲግል ቆዳው ተሰነጠቀ፣ ተቀደደ።
የታፈነው እንፋሎት በዚያ ስንጥቅ ሲመላለስ
አለቱን ቀቀለው፤ ውስጡ ዛሬ ነጭ ጭቃ ነው፣ በጥፍር የሚታረስ።
ከላይ ክረምት ይገባበታል። ውሃ ደግሞ ታውቀዋለህ፣
እያሳሳቀ ነው የሚወስድህ።
ከታች ደግሞ...»

ዝም አለች። መዶሻዬን አየች።

ከታች እኛ ነን፣
እግሩን በኩብ በኩብ ቆርጠን ለመንገድ የሸጥን።

«የመሬት መንቀጥቀጡስ?» አልኋት፣ ጥፋቱን ከእኛ ላሸሽ።
«እሱ የመጨረሻዋ ጣት ነው፤ ገፊው ብዙ ነው» አለች አያልነሽ።

ቀጥላ ወደ ሐይቁ ጠቆመች፤ ሜዳው ላይ የተዘሩ ጉብታዎች፣
ውሃው ውስጥ እንደ ጉማሬ ጀርባ ብቅ ያሉ ሦስት ድንጋዮች።
«ከመሬት የበቀሉ መስለውህ ነው?
ከዚህ የሄዱ ናቸው። አለቱ እንደ ጎርፍ ሮጦ፣ ሐይቁ ነው ያስቆመው።»
ዞሬ አየሁ ከትከሻው ላይ የተገመጠውን ቦታ።
አያቴ የተቀበረባት፣ እኔ ያገባሁባት ጉብታ
ናዳ ናት። ናዳ ላይ ነው ጎጆ የቀለስነው፣
ናዳ ላይ ነው ክርስትና የተነሣነው።

ክረምቱ መጣ። የሐምሌ ነጎድጓድ አናቱ ላይ ጨፈረ፤
በየማለዳው ወጥቼ አየሁ፣ መስታወቱ ደኅና አደረ።
ነሐሴም አለፈ። መስከረም ጠባ፣ ሰማዩ ጠራ፣
አቶ ደምለው፣ ባለኮንትራቱ፣ ሁለት ሲኖትራክ ጨመረ ለሥራ።
እኔም አመንኩ።

ጥቅምት በገባ በዘጠነኛው፣ ነፋስ የለ፣ ደመና የለ፣
ዓሣ አሞራው ዋርካው ላይ ክንፉን ለፀሐይ አስጥቶ እንዳለ
መስታወቱን ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት።
ድምፅ አልሰማሁም።
የሐምሌው ውሃ ነው፤ ገና ያን ዕለት ከሆዱ መድረሱ ነው።

ለደምለው ነገርኩት። «አንድ መስታወት» አለ፣ «ስንት ነው?
ሌላ ገዝተህ ለጥፍ፤ እኔ እከፍላለሁ፣ ምን ችግር አለው?»
ምስክር በምስክር ሲቀየር በችሎት ብዙ አይቻለሁ፣
በተራራ ግን ያን ዕለት ገና አየሁ።

ለአያልነሽ ደወልኩ። ደብዳቤ ጻፈች፤ ደብዳቤው ቀበሌ ነው።
ልጆቼን ይዤ ወጣሁ።

አሁን ባሕር ዳር ብስክሌት እጠግናለሁ፣ ከዘንባባው ጥላ።
ጉልላት አልወደቀም። መንደሩ «ፈሪ» ይለኛል፤ ይበላ!
ከደጄ የተነጠፈው ድንጋይ የእኔ ነው፣ በምቱ አውቀዋለሁ፣
ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ያኔ አውራ ጣቴን ቆስዬ ነበር።
ተማሪ ይረግጠዋል፣ ሙሽራ በተረከዟ ትነቅሰዋለች።
እናንተ በእግራችሁ የቆማችሁበት
እግሩ ነው፤
እሱ ከዚያ ማዶ ያለ እግር ቆሟል።

የመስታወቱ ግማሽ ኪሴ ውስጥ ነው።
እስካሁን ማንም ለቃሉ አልጠራው።